ገንዘቡም ዕቃውም በአንድ ጠረጴዛ ላይ

ጥር ሲቃረብ ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ወንጪ ያሉ ወጣቶች ሞንታርቦ ፍለጋ ይወጣሉ። የሰርግ ወቅት ስለሆነ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ሥራ አያጣም። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆናለች፤ ሐይቁን ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ በሙዚቃ ማስተናገድ የሚያምራቸው ልጆችም በዚሁ ገበያ ይገኛሉ። አዲሱ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ዕቁባቸውን አዋጥተው ያገለገለ ስፒከር፣ ሚክሰርና አምፕሊፋየር ይገዛሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው አንድ ቦታ፣ ብሩ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከወንጪ የሚነሳ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ መውጣት አለበት። ሻጩ በቴሌግራም ፎቶ ይለጥፋል፣ ገዥው ይደውላል፣ በዋጋ ይስማማሉ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ብሩን በቴሌብር ላክልኝ፤ ዕቃውን በማታው መኪና እጭነዋለሁ» ይባላል። ገዥው ሳያይ መክፈል ያስፈራዋል፤ ሻጩም ሳይከፈለው መጫን ያስፈራዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በዚህ ሰዓት ብዙ ወጣት የሚመዝነው የሰውየውን አነጋገር ነው። ጨዋ ይመስላል፣ የአገር ልጅ ነው፣ ኦሮምኛውም የእኛ ነው ብሎ ይልካል። በሸዋ ገበያዎች ከብት ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ አባቶችም ሰው ማንበብ አያቅታቸውም ነበር፤ ያም ሆኖ ከሚያውቁት ሰው ጋር ሲገበያዩ እንኳ እማኝ ያቆማሉ፣ ዋስ ይጠራሉ። ዋስ መጥራት ሻጩን ሌባ ማለት አልነበረም። በሬው የሰው ሆኖ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነበር። ዛሬ ሞንታርቦ የሚገዛ ልጅ ከእነሱ ሊወስድ የሚገባው ይህንን ነው፦ እምነቱን በሰውየው ቃና ላይ ሳይሆን በክፍያው ሥርዓት ላይ ይጣል። ሥርዓቱን የሚጠላ ሻጭ ካጋጠመው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፈው።

ከሁሉ የሚሻለው ሄዶ አይቶ፣ ሞክሮ፣ እዚያው መክፈል ነው። የመኪናው ወጪ ከስፒከሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መሄድ ካልተቻለ አዲስ አበባ ያለ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ይላክ። እሱም ከሌለ ሁለቱ ወገኖች የሚያውቁት ባለሱቅ ገንዘቡን ይዞ ይቆይ፤ ዕቃው ደርሶ ሲሞከር ለሻጩ ይልቀቅ። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ጃፓን የሚማር አንድ ቻይናዊ ያገለገለ ፉጂ ካሜራ በታኦባኦ የኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ አቀረበ፤ ገዥው ቻይና ውስጥ ሺአን ከተማ ነበር፣ ዋጋው 750 ዩዋን። የማይተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑ ገበያው ራሱ ገንዘቡን ይዞ ቆየ፤ ሻጩ የተከፈለው ካሜራው ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አሊፔይ የተባለው የክፍያ አገልግሎት የተጀመረው በዚህች ሽያጭ ነው። የእኛ ልጆች ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ገንዘብ ያዡን ሻጩ ብቻ የሚያውቀውና ሻጩ ብቻ የመረጠው ከሆነ፣ ያ ሰው ከሻጩ አይለይም።

ቀብድም የራሱ ወግ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ወጣት ግማሹን ዋጋ «ቀብድ ነው» ብሎ ይልክና ሐሳቡን ሲቀይር ገንዘቡ ተይዞ ይቀራል። ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ ቀብድ መሆኑም ይጻፍ።

ሻጮችም ይሰረቃሉ፣ ያውም በብዛት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ አጭበርባሪውም አብሮ ፈጠነ። ገዥ ነኝ የሚለው ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው ተልኳል» ይላል፤ ስክሪኑ ላይ የሻጩ ስም፣ የብሩ መጠን፣ የደረሰኝ ቁጥሩ ሁሉ አለ። ምስሉ ግን የተሠራ ነው። አንዳንዴ መልእክቱ በሻጩ ስልክ ላይም ይገባል፤ ቃሉ የባንክ ቃል ነው፣ የላከው ቁጥር ግን እንደማንኛውም ሰው በ09 ይጀምራል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከዚህም በላይ መልእክት ይምጣም አይምጣም፣ ሻጩ የራሱን አፕ ከፍቶ ቀሪ ሒሳቡን በዓይኑ ሳያይ ሞንታርቦውን ከበሩ አያስወጣ። «ኔትወርክ ስለሌለ ነው፣ በኋላ ይገባል» ለሚለው ሰው መልሱ ሻይ ጋብዞ አብሮ መጠበቅ ነው። እውነተኛ ገዥ በዚህ አይቀየምም።

በስህተት የገባ ብር ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መውሰዳቸውን ገልጾ፣ ያልመለሱትን በስምና በፎቶ ይፋ አደረገ። ከነዚያ መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ገዥ ተሳስቶ ትርፍ ብር ቢልክ፣ ሻጩ በዚያው ቀን ደውሎ ይመልስ። የአምቦ ገበያ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፤ የመለሰ ሰው ስሙ ከማስታወቂያ በላይ ይሸጥለታል።

አሁን ወደ ዕቃው። ስፒከር በሁለት ደቂቃ ዘፈን አይፈተንም። መረቡ ይፈታና የወረቀቱ ኮን በሁለት እጅ ጣቶች፣ እኩል ተይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገፋ፤ የአሸዋ ዓይነት መፋተግ ከተሰማ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ጠሟል። ቴስተር ያለው ሰው ይለካ፦ 8 ኦም የሚባል ስፒከር በቴስተር 6 አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ሞቷል። አምፕሊፋየሩ ግማሽ ሰዓት ይሥራና ጀርባው ይዳሰስ። የሚክሰሩ ማስተካከያዎች አንድ በአንድ ይነኩ፤ ሲነኩ የሚንጫጩ ከሆነ ዋጋው ይቀነስ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ። እዚያ መብራቱ ወደ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው በአንድ ሰከንድ የዕቁቡን ብር ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ «ሰክተህ ነው ያቃጠልከው»፣ «ተቃጥሎ ነው የሸጥክልኝ» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

ለዚህ ነው ሻጩም የሚያውቀውን ጉድለት አስቀድሞ መናገር ያለበት። ሕጉ የተደበቀ ጉድለትን በሻጩ ላይ ይጥላል፤ እያወቀ የደበቀ ሰው «እንዳለ ነው የሸጥኩት» ማለቱ አያድነውም። የግራው ትዊተር የተቀየረ ከሆነ «ተቀይሯል» ይበል። ጥቂት መቶ ብር ያጣ ይሆናል፤ ሰርግ ሲመጣ ግን የሰፈሩ ልጆች የሚጠሩት እሱን ነው።

ሁሉም በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ የዕቃው ስም፣ ከጀርባው ያለው ሲሪያል ቁጥር፣ የታወቀው ጉድለት፣ ዋጋው፣ በምን እንደተከፈለ፣ የደረሰኝ ቁጥሩ፣ የሁለቱ ፊርማና የሁለት እማኝ ስም። ሻጩ መታወቂያውን ለማሳየት እንቢ ካለ ሽያጩ ይቅር፤ ዕቃው ከሰርግ ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና። የተሰረቀ ዕቃ እያወቀ የገዛ ሰው ራሱ ይከሰሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የተታለለ ልጅ ካለ፣ ከኀፍረት ዝም አይበል፣ በንዴትም መልእክቶቹን አያጥፋ። ስልክ ቁጥሩን፣ ንግግሩንና ደረሰኙን እንዳለ ይያዝ፤ ብሩ በንግድ ባንክ ከሄደ ወደ 951፣ በቴሌብር ከሄደ ወደ 127 ወዲያው ይደውል፤ ከዚያ ለፖሊስ ያመልክት። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወላጆችም ልጁን «ሞኝ» ብለው ከመገሠጽ በፊት ጣቢያ ድረስ አብረውት ይሂዱ፤ በሰዓታት ውስጥ የቀረበ አቤቱታ ብሩ ከዚያ ሒሳብ ሳይወጣ የመድረስ ዕድል አለው።