የማን ችቦ ነው?



በጎ ሥራ የሠራ ሰው ሊታወቅ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። እኛ በልጅነታችን በመስቀል ዋዜማ ችቦ ስናስር አግኝቶናል።

ደመራ የሚለው ቃል «ደመረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ይኸውም ጨመረ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። ንግሥት ዕሌኒ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ፣ በጢሱ ምልክት መስቀሉን ማግኘቷን በማሰብ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ማታ፣ በአንዳንድ አገርም መስከረም 17 ቀን ማለዳ ደመራ ይበራል።

በቤታችን ግን በዓሉ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነበር። የለቀምነውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ እናታችን ምድጃው አጠገብ ታደርቅልናለች፤ በዋዜማው አባታችን በልጥ ያስራል፤ እኛ ቀጫጭኑን እየመረጥን እናቀብለዋለን፤ ትንሿ እኅታችን ዐደይ አበባ ትሰካበታለች። ታዲያ ዘወትር ለቤታችን ከሚበቃው አንድ ችቦ ይተርፍ ነበር። ያም ሳይመሽ እማማ ከምንላቸው ጎረቤታችን አጥር ውስጥ ተደግፎ ይቀመጣል። እማማ ጭራሮ የሚለቅምላቸው ልጅ አልነበራቸውም። ሲመሽ እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ችቧቸውን ይዘው ወጥተው ይደምራሉ። ከየት መጣ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁም፤ እኛም እንዳንናገር ታዘን ነበር። «ለምን?» ስንል እናታችን፣ «ከተደመረ በኋላ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል?» ትለናለች።

አንዳንዶች «በጎ ሥራ ካልታየ ለሌላው እንዴት አርአያ ይሆናል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን አስተምሮናል፤ በዚያው ስብከት ደግሞ ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ አዞናል። ሁለቱ ይጋጫሉን? እኛ እንደሚመስለን አይጋጩም። ደመራው ሲበራ መንደሩ ሁሉ ብርሃኑን ያያል፤ የእማማን እጅ ማጠር ግን ማንም አያይም። እንግዲህ ሊሰወር የሚገባው የሰጪው ስም ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ችግር ነው።

ዛሬ ችቦ ታስሮ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ገዝቶ መደመርም ነውር የለበትም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። በበዓል ቀን ለችግረኞች ዱቄትና ዘይት ስናድል ስማቸውን እየጠራን በሕዝብ ፊት እናሰልፋቸዋለን፤ ፎቶግራፍም እናነሣለን። ዱቄቱ ለሳምንት ይበላል፤ እፍረቱ ግን ከዚያ ይቆያል። ሳይመሽ በየቤታቸው ብናደርስላቸው ምን ይጎድልብናል? የሚጎድልብን ምስጋናው ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞውንም የሰጠነው ለማን እንደነበረ ራሳችንን እንጠይቅ።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስም ይለናል። ሆኖም በየአጥሩ ሥር በስውር የሚቀመጠውን ችቦ የሚመዘግበው መዝገብ በሰው እጅ የለም። እሱን የማቆየት አደራ የእኛ የወጣቶች ነው።

አምላካችን በስውር ለመስጠት ልብ ይስጠን። አሜን።