መዝገብ ለያዛችሁ ልጆቼ

ነገሩ የስድስት ነጥብ ነው። አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ 15 ክሬዲት ሰዓት ወስዶ 25.5 ነጥብ ቢሰበስብ አማካዩ 1.70 ይሆናል። ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 ነውና እግሩ አፋፍ ላይ ነው። አሁን ደግሞ በአንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ትምህርት በእርግጥ ያመጣው ሲ ሆኖ ሳለ፣ መምህሩ ከማርክ ሊስቱ ሲገለብጥ መስመር ስቶ የሌላውን ልጅ ኤፍ ጽፎበት እንደሆነ አስቡ። እውነተኛው ነጥቡ 31.5፣ አማካዩም 2.10 ነበር። ይህ ልጅ በግቢው መቆየቱና ወደ መንደሩ መመለሱ የሚወሰነው በአንዲት ፊደል ነው። ፊደሏን ያጣመመው የእናንተ እጅ ነው። ለማቃናት ሦስት ወር የፈጀውም የእናንተው እጅ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ነው። የተማሪ ካርድ በእጅ ሲጻፍ ገብቼ ኮምፒውተሩ ሲለመድ በጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ሰምቼ አይደለም የምናገረው።

ስለ ሬጅስትራር ወሬ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጉቦው ነው። እመጣበታለሁ፤ አልረሳሁትም። አስቀድሜ የምገሥጸው ግን ጉቦ ያልበላውን ነው፤ «እጄ ንጹሕ ነው፣ ከማንም አምስት ሳንቲም አልተቀበልሁም» እያለ ደረቱን የሚነፋውን። አንተ ልጄ፣ እጅህ ንጹሕ የሆነው ስላልሠራህበት ነው።

ግሬድ የማስገቢያው ቀን ካለፈ ሰንብቷል፤ መምህሩ «እርማት አልጨረስሁም» ይላል። በተማሪው ስም ፊት ኤን ጂ፣ ማለትም «ውጤት የለም»፣ ተጽፎ ይወጣል። ቀጣዩ ሴሚስተር ይደርሳል። ትምህርቱ ለሚቀጥለው ቅድመ ሁኔታ ነውና ተማሪው መመዝገብ አይችልም፤ ወይም አንዱ ራርቶ ይመዘግበውና ኋላ ውጤቱ ኤፍ ሆኖ ሲመጣ ሁለቱም ትምህርት ይፈርሳል። ሌላው መምህር ደግሞ የፈተናውን ወረቀት ቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ለዶክትሬት ውጭ አገር ይሄዳል። ቅር የተሰኘ ተማሪ ወረቀቴ ይታይልኝ ቢል ቁልፉ ባሕር ማዶ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «መምህሩ ሲመጣ» ይላል። ሲመጣ? በአራት ዓመቱ? ተማሪው እኮ ያን ጊዜ ወይ ተመርቋል ወይ ተባሯል።

ከዚያ የሬጅስትራሩ መስኮት አለ። ልጁ ቁርሱን ሳይበላ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ፊርማ ይጎድለዋል» ተብሎ ይመለሳል። የማን ፊርማ? የሚነግረው የለም። ፊርማውን ይዞ ሲመጣ «ማኅተም የለውም»። ማኅተሙን አስመትቶ ሲመጣ «ባለሙያዋ ስብሰባ ናት»። የጎደለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እንዲህ የተንከራተተው ልጅ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ «እኔ የማውቀው ሰው አለ» የሚል ያገኛል። ደላላው ከየት መጣ ብላችሁ በየስብሰባው ትጠያየቃላችሁ። ከእናንተ ቀጠሮ ነው የመጣው። ለገዛ መብቱ አንድ ጊዜ የከፈለ ተማሪ ለማይገባው ለመክፈል ከዚያ ወዲያ ምን ያሳፍረዋል? በደንቡ መንገድ ሦስት ወር፣ በደላላው አንድ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ገበያውን ያቆማችሁለት እናንተ ናችሁ። ሰነፉ ባይኖር ሌባው የሚሸጠው ባላገኘ ነበር። ስለዚህ ሁለታችሁንም በአንድ አግዳሚ አስቀምጬ እቆጣለሁ።

ሥርዓቱ እኮ ከባድ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው በሴኔት የጸደቀ ደንብ አለ፤ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያይ እንጂ አጥንቱ አንድ ነው። ተማሪው በተወሰነለት ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። መምህሩ ወረቀቱን አውጥቶ ነጥቡን ዳግም ይደምራል። ስሕተት ካገኘ የውጤት ማስተካከያ ቅጹን ሞልቶ ከማስረጃው ጋር ለትምህርት ክፍሉ ይሰጣል። ስሕተት የለም ካለና ተማሪው ካልተስማማ ወረቀቱ በሌላ መምህር ይታረማል። ኃላፊው ይፈርማል፣ ዲኑ ያጸድቃል፣ ሬጅስትራር ይመዘግባል። ይህ ሁሉ ፊርማ ተማሪ ለማንከራተት የተፈጠረ ይመስል እንደዚያ ትጠቀሙበታላችሁ። የተፈጠረው ግን ማንም ሰው ብቻውን ፊደል እንዳይለውጥ ነው። ያረመው አያጸድቅም፤ ያጸደቀው ሲስተም ውስጥ አያስገባም።

እናንተስ? ኃላፊው በባዶ ቅጽ ላይ አስቀድሞ ፈርሞ ለጸሐፊዋ ትቶላት ይሄዳል። ባለሙያው ፓስዎርዱን በቢጫ ወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ዕረፍት ሲወጣም የሚተካው ሰው በእሱ ስም ገብቶ ይሠራል። ተሞልቶ ያለቀውን ቅጽ ለባለጉዳዩ ተማሪ አስይዛችሁ «ሬጅስትራር አድርስ» ትሉታላችሁ፤ በመንገድ ላይ ሲ ምን ሆና እንደምትደርስ ዋስ የሚሆን ማን ነው? «ምክንያት» በሚለው ቦታ ደግሞ «በስሕተት» ብላችሁ ታልፋላችሁ። የምን ስሕተት? የድምር ነው? ሳይታረም የታለፈ ገጽ አለ? ወይስ የስም መመሳሰል ነው? በአገራችን በአንድ ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ልጆች ብርቅ አይደሉም። መታወቂያ ቁጥሩን ያላነበበ ሰው የአንዱን ላብ ለሌላው ይሰጣል። በአንድ ሴሚስተር ከአንድ መምህር ደጋግሞ የሚመጣ «በስሕተት» የሚል ቅጽስ ለኃላፊው ምንም አይነግረውም? ወይ መምህሩ ማረም አይችልም፣ ወይ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው።

ያን «ሌላ ነገር» ልናገረው፤ በሹክሹክታ ስለሚነገር ነው የሚኖረው። ተማሪዪቱን ሆን ብሎ ይጥላትና፣ ወይም ውጤቷን ያዘገይባትና፣ «ቢሮ ነይ፣ እናስተካክለዋለን» የሚል መምህር አለ። ቀጥሎ ቀጠሮው ከግቢ ውጭ ይሆናል። እህት የለህም ወይ አልልህም፤ እህት ባይኖርህም ያው ነው። የምትፈጽመው ወንጀል ነው፤ ጠመኔ መያዝህም ወንጀልነቱን አያስቀርልህም። እናንተ ባልደረቦቹ ደግሞ ታውቃላችሁ። «የእሱ ነገር» ብላችሁ ስቃችሁ ማኪያቷችሁን ትጠጣላችሁ። ልጅቱ ለመክሰስ ስትመጣ «ማስረጃ አለሽ?» ብላችሁ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ፤ ማስረጃው ግን መሳቢያችሁ ውስጥ በገዛ እጁ የፈረማቸው ቅጾች ናቸው።

አሁን ወደ ሻጩ። መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ከያዙ ወዲህ ሐሰተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው መገኘቱን ሰምታችኋል። ማጣራቱ የሚሆነው እንዴት ነው? «የዚህ ሰው ማስረጃ ትክክለኛነቱ ይረጋገጥልን» የሚል ደብዳቤ ወደ ሬጅስትራር ይላካል። ውጭ የታተመ ሐሰተኛ ዲግሪ እናንተ ደጃፍ ሲደርስ ይሞታል፤ በመዝገቡ የለምና። እናንተ ከውስጥ የለወጣችሁት ውጤትስ በየትኛው ደጃፍ ይያዛል? ደብዳቤው ቢመጣ «ትክክለኛ ነው» ብላችሁ የምትመልሱት እናንተው ናችሁ። ጎተራን አይጥ ቢቀድደው ቀዳዳው ይታያል፤ ነቀዝ ግን ጭቃውን ሳይነካ እህሉን ዱቄት አድርጎ ይጨርሰዋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከአፋችሁ አውጡት። የምትበሉት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለነርሲንግ ተማሪ በመድኃኒት ትምህርት ኤፍን ወደ ሲ የለወጥህ ሰው፣ ያቺ ነርስ ነገ በአንድ ጤና ጣቢያ ለሕፃን ስንት ሚሊ ሊትር እንደምትሰጥ አንተ ትመልስላታለህ? የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ተቀባዩንም ሰጪውንም ይይዛል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀውን አልረሳውም። ሕጉን የጠቀስሁት ግን የማያውቀው ካለ እንዲያውቅ ነው እንጂ፣ ሕግ የሚፈራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ።

«የመውጫ ፈተናው ያጣራዋል» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ሃምሳ በመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ይህ ግን ለእናንተ መመኪያ አይደለም፤ መሰደቢያችሁ ነው። አገር አራት ዓመት ሙሉ የሰጣችሁትን ግሬድ አምና መቀበል ስላቃታት ነው ሌላ ሚዛን ያመጣችው። የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ በጥብቅ ሲሰጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ስናወራ ከረምን። ስለ እናንተ የሚወራበት ቀን አይመጣም ያላችሁ ማን ነው?

ስልኩም አለ። «ከላይ ተደውሎ ነው» የሚል ምክንያት አልቀበልም። የደወለው ሰው ስም በቅጹ ላይ የለም፤ ያንተ ነው ያለው። «በደብዳቤ ይላክልኝ» በለው። ይህን ተብሎ ደብዳቤውን የጻፈ ሰው በዘመኔ አላየሁም። «የአገሬ ልጅ ስለሆነ ነው» የምትለው ደግሞ ደግነት የሠራህ አይምሰልህ። አንደኛ ዓመት የጨረሰ ተማሪ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በውጤቱ ነው፤ የወንበሩም ቁጥር የታወቀ ነው። ለአገርህ ልጅ ነጥብ ስትጨምርለት ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ከሚገባበት ወንበር ላይ ያነሣኸው ሌላ ልጅ አለ። እሱም የአንድ አገር ልጅ ነው። ማን እንዳነሣው እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

ምዝገባን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላኛል። ከገጠር የመጣ ልጅ በሴሚስተሩ መሐል የአባቱን መርዶ ይሰማል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሌሊት ይሳፈራል። ዊዝድሮዋል የሚባል የማቋረጫ ቅጽ መኖሩን የነገረው የለም። አርባውን አውጥቶ ሲመለስ ፈተናው አልፏል፤ በስሙ ትይዩ ኤፍ በኤፍ ሆኗል። ቅጹን ሞልቶ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመኝታ ቤቱና ከካፌው ክሊራንስ ጨርሶ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በሪአድሚሽን ካቆመበት በቀጠለ። የከተማው ልጅ ይህን ከወንድሙ ሰምቶ ያውቀዋል። የገበሬው ልጅ ከማን ይስማ? ደንቡን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፋችኋል፤ ያንንም ዝናብ መትቶታል። በአዲስ ገቢዎች ቀን ስለ ግቢው ታሪክ ረጅም ንግግር ከምታደርጉ፣ ትምህርት መጨመርና መቀነስ እስከ መቼ እንደሚቻል፣ ታሞ ከፈተና የቀረ ወዴት እንደሚያመለክት፣ አቋርጦ የሚሄድ ምን እንደሚሞላ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። የመጨመሪያና የመቀነሻው ቀን ሲያልፍ የሚመጣውን ስትመልሱም ሰው መሆኑን አትርሱ፤ ቀኑ አልፏል ማለትና መሳደብ ይለያያሉ። ቀኑ ካለፈ ግን አልፏል፤ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው የሚዘጋ ቀን አይኑር።

ወላጆችና ተማሪዎችም አልቀራችሁም። ልጁ ኤፍ አመጣ ብለው ሦስት ሽማግሌ አሰባስበው ወደ መምህሩ ቤት የሚሄዱ አሉ። እኔንም ጠርተውኛል። ጋቢዬን ደርቤ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ መምህሩን በእግዜር ይዤ እንድለምነው! ሽምግልና ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ደም ለማድረቅ ነው፤ ያልተጻፈ መልስ ላይ ነጥብ ለማስጨመር የሚቀመጥ ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ባይሄድ ይሻለዋል። አንተ ተማሪም ተበድያለሁ ካልህ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቅ፤ የሰጠኸውን ማመልከቻ ቅጂ ያዝ፤ የተቀበለህን ሰው በቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስጽፍ። ካልተበደልህ ደግሞ መምህሩን በየካፌው አትከተለው። «ስኮላርሺፕ ያመልጠኛል» ማለት ነጥብ የሚያሰጥ መልስ አይደለም።

ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አንድ ነገር አዛለሁ። የሚቀጥለው ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት መሳቢያችሁን ክፈቱና ያደሩትን ቅጾች ሁሉ አውጡ። ማስረጃው የተሟላውን ፈርማችሁ በመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ፣ በመዝገብ ቁጥር፣ ለሬጅስትራር ላኩ። ያልተሟላውን የጎደለውን ጽፋችሁ ለመምህሩ መልሱ፤ ለተማሪውም አሳውቁት። አስቀድማችሁ የፈረማችሁባቸውን ባዶ ቅጾች ቅደዱ። ውጭ አገር የሄደ መምህር ቁም ሣጥን ካለ ኮሚቴ ባለበት ይከፈትና ወረቀቱ ተቆጥሮ ትምህርት ክፍሉ ይረከበው። በሥራ ቀን ጊዜ የለንም የምትሉ ቅዳሜ ጠዋት ግቡ፤ ለጥበቃው ዓርብ ማታ ንገሩት፣ ቢሮውን ይከፍትላችኋል።