ለዳውድ የለዘበው ብረት

በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና ደጋ፣ ድንጋያማ ማሳ የሚያርስ ገበሬ ለማረሻው ሁለት ነገር ይፈራል፤ መታጠፍና መሰበር። የታጠፈውን ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ ያቀናዋል። የተሰበረው የባሰ ጣጣ አለው። ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት ፍም መስሎ ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ጫፉን አጠንክሮ ጀርባውን ለስላሳ መተው በብዙ አገር ያሉ ቀጥቃጮች ከጥንት የሚያውቁት ብልሃት ነው።

ታዲያ ጽናት ማለት አለመለዘብ ነው?

ሳይንቲስቶችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። ብረታ ብረት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ድርድር ነው። ሆል እ.ኤ.አ. በ1951፣ ፔች በ1953 ቅንጣቶቹ ባነሱ ቁጥር ብረቱ እንደሚጠነክር አሳዩ፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ድንበር ሲበዛ ብረቱን የሚያጥፈው የውስጥ መንሸራተት በየድንበሩ ይገታልና። ቅንጣቶቹ እስከ ናኖሜትር፣ ማለትም እስከ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ሲጠጉ ግን ብረቱ ብዙም ሳይሳብ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዪንሚን ዋንግና ባልደረቦቹ መዳብን በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ዳምጠው ለአጭር ጊዜ አሞቁት። ከመዳቡ ይዘት ሩብ ያህሉ ወደ ትልልቅ ቅንጣቶች አደገ። ደቃቆቹ ጥንካሬውን ጠበቁ፤ ትልልቆቹ እየተሳቡ ከመበጠስ አዳኑት።

መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት ወሎ ይህ የጥንካሬና የልስላሴ አብሮነት እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቁርኣን 57ኛው ሱራ በብረት ስም ይጠራል፤ በ34ኛው ደግሞ ለነቢዩ ዳውድ የተሰጠው ጸጋ የብረት መለዘብ ነው። ትንቢተ ዳንኤል ግን ያስጠነቅቃል፦ እግሩ ብረትና ሸክላ የተደባለቀበት ምስል ደቀቀ። ሸክላው ለብረቱ ባዕድ ነበር። የዋንግ ለስላሳ ቅንጣቶች ግን ያው መዳብ ናቸው። የሰው ልስላሴ የሆነው ርኅራኄም ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን ከጽኑው ሰው ከራሱ ሲወጣ ነው የሚይዘው።

የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ መቅደላ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተደረገው የእሮጌ ውጊያ በኋላ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ግን እጃቸውን ከመስጠት በሽጉጣቸው መሞትን መረጡ። ሕዝቡ የሚያወድሰው ሁለተኛውን ነው። መዳቡ የት እንደሚለዝብ የወሰኑለት የዳመጡትና ያሞቁት ሰዎች ናቸው፤ ንጉሡ ግን ሁለቱንም የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። እስረኞቹን መልቀቃቸውም ከሽጉጡ እኩል ከጽናታቸው ሊቆጠር ይገባል።