ቆይ፣ ልያዘው

ዲላ ሆኜ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የምጫወተው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር። እሱ ውጭ ሀገር ሆኖ ወርሃዊ ክፍያውን ይሸፍናል፤ እኔ ኔትወርክ ሲፈቅድ እገባለሁ። እሱ ታንክ ነው፣ እኔ ከሩቅ እሳት የምወረውር አስማተኛ።

ታንክ ሲባል ብዙ ሰው ዱላ የሚችል ማለት ይመስለዋል። ዱላ መቻልስ ቀላል ነው። ከባዱ ዱላው ወደ አንተ እንዲመጣ ማድረግ ነው። እዚያ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ ጭራቅ ዝርዝር ይይዛል። ተጫዋቾች ትሬት ይሉታል፣ እኔ ቂም እለዋለሁ። መታኸው? ይመዘገብብሃል። ጓደኛህን አከምከው? ያከምከው ግማሽ ቂም ሆኖ ለጠላቶቹ ይከፋፈላል። (ደግነትም ቂም ያስቋጥራል! ይሄን ያሰበው ሰው ቤተሰብ ያለው መሆን አለበት።) የታንኩ ምት ትንሽ ብትሆንም ቂሟ ተባዝታ ነው የምትቆጠረው። ጭራቁ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ ደግሞ ታንኩ ታውንት አለው፦ አንዴ ይሳደብና ዝርዝሩ አናት ላይ ካለው ሰው ጋር እኩል ይሆናል፤ ጭራቁም ወደ እሱ ይመለሳል።

ከእኛ የሚጠበቀው መታገስ ነው። በቅርብ የሚመታ ሰው የታንኩን ቂም 110 በመቶ፣ ከሩቅ የሚመታ ደግሞ 130 በመቶ ካለፈ ጭራቁ ይዞርበታል። «ቆይ፣ ልያዘው» ይለኛል የአክስቴ ልጅ። አልቆይም። ስሞት ደግሞ የምሳደበው እሱን ነው፦ «ምን ዓይነት ታንክ ነህ?»

አንድ ቀን እንዲህ ሞቼ ስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ሳለ እህቴ ትዝ አለችኝ።

የቡና ብር በሚገኝባቸው ወራት አባታችን ጠጥቶ ይገባ ነበር። እህቴ አንድ ነገር ጣል ታደርግበታለች፦ «ይሄ የመግቢያ ሰዓት ነው?» እናቴ «አፏ ነው የሚያስመታት» ትል ነበር፤ እኔም አምን ነበር። የምትናገረው የአባቴ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ሬዲዮው የተሰበረ ቀንም «እኔ ነኝ» አለች። በ14 ዓመቴ አንድ ማታ፣ ወንድ ልሁን ብዬ መለስኩለት። እኔን ለማስጣል ከእኔ የባሰ መናገር ነበረባት፤ የባሰውንም ቀመሰች። በነጋታው «ማን ተናገር አለህ?» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ጌዴኦ ውስጥ ቡናው የሚያድገው በብርብራና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። ዛፉ ግን ፀሐይን መሳደብ አይጠበቅበትም፤ ከፍ ብሎ መቆሙ ይበቃዋል። ታንክ መጠላት አለበት።

እና በሌላ ሰው መጠላት የተረፈ ሰው ዕዳው ምንድን ነው? ድሮ ምስጋና ነው ብዬ እመልስ ነበር። አሁን ርካሽ መልስ ይመስለኛል። ጌሙ ውስጥ ውጊያው ሲያልቅ ዝርዝሩ ይሰረዛል። እኛ ቤት አልተሰረዘም። አባታችን አርጅቷል፣ መጠጥም ትቷል። እኔን «ጨዋው ልጄ» ይለኛል። ሐዋሳ የምትኖረውን እህቴን ግን «ያቺ አፈኛ» ነው የሚላት፤ ስልክም አይደውልላትም። ጨዋነቴ በእሷ ስም የተገዛ ነው። ምስጋናዬን ለእሷ ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ስሟ ያለው እሱ ዝርዝር ላይ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ቡና እየጠጣን «አባዬ፣ ያኔ ሬዲዮህን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሲኒውን አስቀመጠ። ብዙ ቆየ።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለች?»