ጽናትና ግትርነት

ሁሉ አይሆንም ያለውን ይሆናል ብሎ የሚቆም ሰው ጽኑ ነውን ወይስ ግትር? ብዙዎች ፍርዱን ከፍጻሜው ይጠብቃሉ፤ ሥራው የሰመረለትን ጽኑ፥ የከሸፈበትን ግትር ይሉታልና። ነገር ግን ከዕድል የተገኘ ስም የሰውን ጠባይ አይገልጥም። ልዩነቱ ሥራው ሳይፈጸም ሊታወቅ ይገባዋል።

ኮንስታንቲን ፍራንክ በዩክሬን ስለ ወይን አተካከል የተማረ ሊቅ ነበረ፤ በ1951 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቈጣጠር ወደ አሜሪቃ ተሰደደ። በኒው ዮርክ ግዛት፥ በኪዩካ ሐይቅ አካባቢ የነበሩ አትክልተኞች የኤውሮጳ ወይን ብርዱን አይችልም ብለው የአገሩን ወይንና ድቅሎችን ይተክሉ ነበር። እርሱ ግን ከዚያ በሚበረታ ብርድ ሲያፈራ አይቻለሁ አለ። በ1953 ቻርልስ ፉርኒየር የተባለ የወይን ጠጅ ፋብሪካ አለቃ ቃሉን አምኖ ሥራ ሰጠው።

ፍራንክ በክርክር ብቻ አልቆመም። ውርጭ ሳይደርስ ቅርንጫፉን በጊዜ የሚያጠነክር ሥር ለማግኘት፥ የኤውሮጳን ወይን በልዩ ልዩ ሥር ላይ እየገጠመ በብዙ ሺህ ተከለ። ብርዱ ቢገድላቸው ቃሉ በሁሉ ፊት በወደቀ ነበር። በ1957 በፌብሩዋሪ ወር ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ያህል ወረደ፤ ከተከላቸው መካከል ግን ብዙዎቹ ድነው አፈሩ። በ1962 የራሱን የወይን ጠጅ ቤት አቆመ፤ ልጁና የልጅ ልጁም አስፋፍተውት ዛሬ እስከ 4ኛው ትውልድ ደርሷል።

ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የድቅል ወይን ጠጅ ጤናን የሚጐዳ መርዝ ነው እያለ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ይህ አልተረጋገጠም፤ በዚያው አገር ድቅሎች ዛሬም ይተከላሉ፥ ጠጃቸውም ይጠጣል። የሰውዬው ቍርጠኝነት በሁለቱም ነገር አንድ ነበረ። በአንደኛው ግን ቃሉን ለውርጭ ፈተና አሳልፎ ሰጠ፤ በሁለተኛው ማስረጃው ሳይበቃ ፈረደ።

እንግዲህ ጽናትና ግትርነት በአንድ ልብ አብረው ያድራሉ። ጽኑ ሰው «ብትሳሳት በምን ታውቃለህ?» ሲባል መልስ አለው፤ ግትር ግን ጥያቄውን እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ባንድ ነገር የሰመረለት ሰው በሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ የትናንት ድል ለዛሬ ቃል ምስክር አይሆንምና።