ተረቴን መልሱ

ልጅ ሆነን አክስቴ ተረት ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትለን ነበር። ያኔ እኛ የምንሰማው ዳቦውን ብቻ ነው። «መልሱ» የሚለው ቃል የገባኝ አድጌ፣ አጭር ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያውም እሷኑ አስቀይሜ።

አክስቴ ቤይሩት 6 ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። አንድ ቀን ቡና እያፈላች የአያቴን መርዶ በስልክ እንዴት እንደሰማች አወራችኝ። ማታውኑ ጻፍኩት። ስሟን ቀየርኩ፣ ከተማውን ዱባይ አደረግኩት። አንባቢ ካላለቀሰ አይያዝልኝም ብዬ ደግሞ ስልኩን ከእጇ አስጣልኳት፣ ወለል ላይ ጣልኳት፣ አስጮኽኳት። ታሪኩ ተነበበልኝ። «አስለቀስከኝ» የሚሉ መልእክቶች ጎረፉ።

በኋላ ልጇ አነበበላት። እስኪጨርስ ዝም ብላ ሰማችና «እኔ መቼ ጮህኩ?» አለችኝ። «ማዳም እንግዳ ነበረባት። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። አስራ አንድ ይቀረኝ ነበር፤ አስራ አንዱንም ተኮስኩ።»

ይህን ቁጭ ብዬ ባስብ ባስብ አልፈጥረውም ነበር።

ለጀማሪ ጸሐፊ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የአንባቢውን ልብ ያዝ፣ እንዳይለቅህ አድርግ። ምክሩ ስህተት የለበትም። ችግሩ ስንቸኩል እጃችን ቶሎ የሚያገኘው እንባን መሆኑ ነው። መርዶ ሰምታ የምትጮህ ሴት በየፊልሙ አይተናል። መርዶ ሰምታ ሸሚዝ የምትተኩስን ሴት ግን ስንቶቻችን አይተናል? የአክስቴን ሐዘን የበደልኩትም፣ ታሪኬን ያደከምኩትም በአንድ ስንፍና ነው፦ «ያን ጊዜ እጅሽ ምን ይሠራ ነበር?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ልቦለድ እኮ ነው! ደራሲ ሰውን እያስፈቀደ ሊጽፍ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ በወዳጁ በስብሐት ገብረእግዚአብሔር ተመስሎ እንደተሣለ ብዙ ተብሏል። ከሰው ሕይወት መውሰድ ይቅር ቢባል ይህን መሰል መጽሐፍ አናገኝም ነበር። ግን አንድ ልዩነት አለ። ስብሐት የራሱ ብዕር ነበረው፤ ቢፈልግ ስለ ራሱ መጻፍ ይችል ነበር። አክስቴ ያላት እኔን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ የፈቃድ ወረቀት አይደለም። ባለታሪኩ መልስ የመስጠት አቅሙ ባነሰ ቁጥር፣ የእኔ ጥንቃቄ መጨመር አለበት። ከማውጣቴ በፊት አነብለታለሁ። «ይሄ እኔ አይደለሁም» ካለኝ የት ጋ እንደሳትኩ እጠይቃለሁ። «ተወው» ካለኝ እተወዋለሁ። ይሄኛው ያማል፤ ጥሩ ታሪክ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ማየት ቀላል አይደለም። ግን ሐዘኑ የእሱ ሆኖ ጭብጨባው የእኔ ሲሆንም አላምርም።

ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት። ጩኸቱ ወጣ፣ ካውያው ገባ። ለአክስቴ ራሴ አነበብኩላት። በጽሞና ሰምታ «የመጨረሻው ሸሚዝ ኮሌታው እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እሱን ረሳኸው» አለችኝ።

አስገባሁት።