ጨዋታ ለእንግዳ፣ ቁጣ ለልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ንጉሥ ዳርዮስ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ዓመት ገደማ፣ ወደ ካህናቱና ወደ ነቢያቱ መልእክተኞች መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ስለ ጾም ነበር። ሕዝቡ ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ በየዓመቱ ሲያለቅስና ሲጾም ሰባ ዓመት አልፎታልና፣ ምርኮው ካበቃ ወዲያስ እንቀጥል ወይስ ይብቃን የሚል ነው። ነቢዩ ዘካርያስ የሰጣቸው መልስ ረጅም ነው፤ ስለ ፍርድ፣ ስለ ምሕረት፣ ስለ መበለትና ስለ ድሀ አደግ ይናገራል። በመካከሉ ግን ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ነገር ገብቶ እናገኛለን (ዘካ. 8፥4-5)። በታደሰችው ከተማ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይ ይቀመጣሉ፤ ጎዳናዎቿም በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይሞላሉ ይላል።

ከስደት ለተመለሰ ሕዝብ የሰላም ምልክት ሆኖ የተሰጠው እንግዲህ የልጆች ጨዋታ ነው። እኛ ይህን ክፍል ስናነብ ዓይናችን አስቀድሞ በምርኩዙ ላይ ያርፋል፤ ዕድሜያችን ነውና። ዛሬ ግን ስለ ልጆቹ እንነጋገር።

በቋንቋችን ጨዋታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ሕፃን በኳስ ወይም በጠጠር የሚያደርገውን ጨዋታ እንላለን፤ ሽማግሌዎች ቡና እስኪፈላ ተቀምጠው የሚያወጉትንም ጨዋታ እንላለን። እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወቱ እንጂ» ይባላል። ስለዚህ የኛ ሰው መጫወት አያውቅም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። እናውቃለን፤ ነገር ግን ለእንግዳ አስቀምጠነዋል። እንግዳ ሲገባ ድምፃችን ይለሰልሳል፣ ፊታችን ይፈታል፣ ስልክ ቢጠራ እንኳ በኋላ እንደውላለን እንላለን። እንግዳው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ የተረፈውን ድካማችንን የሚቀበለው ልጁ ነው። ጫማህን አንሣ፤ የቤት ሥራህን ጨረስህ ወይ፤ ያን ነገር ዝጋ፤ ዝም በል። ልጁ በአንድ ምሽት ከአባቱ የሚሰማውን ቃል ብንቆጥር ከትእዛዝ በቀር ምን ይተርፋል?

ምክንያቱን እናውቀዋለን። ሌሊቱን በመኪና ማቆሚያ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ቆሞ ያደረ ሰው፣ በዚያም ላይ ወደ አገር ቤት የሚልከው ገንዘብ የሚጠበቅበት፣ ቢቈጣ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም ከዚህ ነጻ አልነበርንም። ልጃችን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንድ እሑድ ንጋት ለቅዳሴ ስንቸኩል አንድ እግር ጫማው ጠፋበት። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መኪና ውስጥ ስንጮኽበት ሄድን። ከዚያም ነጠላችንን አስተካክለን፣ ደጁን ተሳልመን ገባን፤ ያገኘነውንም ሰው ሁሉ በፈገግታ ሰላም አልን። ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ በሚቀለው በእንግሊዝኛ፣ እዚያ ስንገባ ሌላ ሰው እንደምንሆን ነገረን። ነቀፋ አልነበረም፤ ያየውን መናገሩ ነው። የዚያን ቀን የተሰበከውን አናስታውስም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ልማድ ያዝን። የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ሳንሳለም አንገባም፤ ታዲያ የገዛ ቤታችንን በር ለምን እንደ ጋጣ በር እንገባበታለን? መኪናውን ካጠፋን በኋላ፣ ከመውረዳችን በፊት፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በቀስታ፣ ትንፋሻችን እስኪረጋ ድረስ እንደግማለን። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በሥራ ቦታ የደረሰብንን ለመርሳት አይደለም፤ የአለቃችንን ቁጣ ልጁ እንዳይከፍለው ነው። በዚያ ጸሎት ይቅር እንድንባል የምንለምነው እኛም ይቅር እንደምንል ተናግረን ነው። ከበሩ በስተጀርባ የሚጠብቀን የመጀመሪያው በደለኛ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ወተት ያፈሰሰ ሕፃን ነው። ስንገባም ጎንበስ ብለን፣ በዓይኑ ትክክል ሆነን ሰላም እንበለው፤ ስለ ቤት ሥራው የሚጠየቀው እስከ እራት ቢቆይ ምንም አይጎድልም።

ጨዋታውም ገንዘብ አይጠይቅም። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ አለንጋ ነበራቸው፤ ይህን አንሸሽግም፣ ጀርባችን ያስታውሰዋል። ማታ ማታ ግን እሳት ዳር ተቀምጠው እንቆቅልሽ ይጠይቁን ነበር። መልሱ ሲጠፋን አገር ስጡኝ ይሉናል፤ ጎንደርን እንሰጣለን፣ ጎጃምን እንሰጣለን፣ አገሩ እስኪያልቅ። ከአለንጋውና ከእንቆቅልሹ ማንኛው ትምህርቱን እንዳስወደደን ለመናገር አንቸገርም። ይህንኑ ጨዋታ ከልጆቻችን ጋር በመኪና ውስጥ እንጫወተው። ልጁ የሚሰጠው አገር ዳላስ ወይም ቺካጎ ይሆናል፤ የሚያውቀው እርሱን ነውና ሳንስቅበት እንቀበለው። በተራችን ስንሸነፍ (መሸነፍም ማወቅ ይጠይቃል) ላሊበላን እንስጠው። ላሊበላ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አማርኛ ተናገር ተብሎ በጩኸት ከታዘዘው ይልቅ እንዲህ በጨዋታ የገባው ስም ይቆያል።

ይህ የዘመኑ ሰዎች ፈሊጥ ነው የሚሉ አረጋውያን አሉ። በ407 ዓ.ም. ያረፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፣ ወላጆች የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ማታ በእራት ጊዜ ለልጁ እንዲያወሩለት፣ ሌላ ቀን ራሱ እንዲተርከው፣ ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ዕለትም እጁን ይዘው እንዲወስዱት ይመክራል፤ ሌሎች የማያውቁትን አስቀድሞ ያውቃልና ልጁ በደስታ ይዘላል። ዘወትር የሚመታ ልጅም ዱላን መናቅ ይለምዳል ይላል። ሰሎሞን ስለ በትር መናገሩ እውነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያዝዛል (ኤፌ. 6፥4)፤ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍም ምክንያቱን ይጨምራል፤ ልባቸው እንዳይዝል ነው (ቈላ. 3፥21)። ጎልማሶቻችን ከቤተ ክርስቲያን የቀሩት ቋንቋው ስላልገባቸው ነው እንላለን። ለብዙዎቹ እውነት ነው። ከእነርሱ አንዱ ግን ቅዳሴ ሲባል ትዝ የሚለው የእሑድ ጧት ጩኸት መሆኑን አጫውቶናል።

ይህን ሁሉ አድርገንም ቁጣ አይቀርም። ስንበድል፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን፣ ዛሬ ያለ ልክ ተቈጥቻለሁና ይቅር በለኝ እንበለው። አባት ልጁን ይቅርታ ቢለምን ክብሩ ይቀንሳል የሚል ልማድ አለን። በካህን ፊት የምንናዘዘውን ልጁ አይሰማም፤ ታዲያ ንስሐን ከማን ያያል? ይቅርታውን ከለመንን በኋላ ግን «አንተም እኮ» አንበል፤ ያን ጊዜ ተግሣጽ ሆነ።

ያ ጫማው የጠፋበት ልጅ አሁን የራሱ ልጅ አለው። ባለፈው ደብረ ታቦር ሙልሙል ይዘን ቤቱ ሄድን። ምርኩዛችንን ከወንበሩ አጠገብ አቁመን ገና ሳንደላደል ሕፃኗ መጥታ እንቆቅልሽ ጠየቀችን። መልሱን እናውቀው ነበር፤ ጠፋን አልናት። አገር ስጡኝ አለች። የትኛውን እንስጥሽ ብንላት ጥቂት አሰበችና የተወለድንባትን መንደር ስም ጠራች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ አነጋገር አጣማ። ሰጠናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።